ታችኛው መሳቢያ

በፋብሪካው ቢሮ፥ ከዚራ ዛፍ ጥላ፣
ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራ ስበላ፣
ማስታወቂያ ጻፊው እኔው ነበርኩ፥ እኔው፦
«በያጅ፤ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው።»
ከዚያ ከግርጌዋ «ጾታ፦ ወ» እላለሁ፤
ማንም ሳያዘኝ ነው፤ ልማዴን እጽፋለሁ።

አለቃዬን ክፉ ማለት አልችልበትም፤
ዘበኛውን ከኪሱ ሲያሳክም አይቻለሁ፥ አልክድም።
ግን ማመልከቻ ሲያይ፥ ከውጤቱ ቀድሞ
ዓይኑ ከአያት ስም ላይ ይቀራል ተጋድሞ።
«ከወዴት ነው?» ይላል። መልሱን አውቀዋለሁ፤
ከስሙ ሰፈሩን፥ ከሰፈሩ ዘሩን እፈታለሁ።
ደቻቱ እንኳ ሲደርቅ ሁሉን ያሻግራል፤
የኛ መሳቢያ ግን ክረምት ከበጋ ሞልቶ ያድራል።

ታችኛዋ መሳቢያ፥ እጀታዋ የወለቀ፤
በማስመሪያ ጫፍ ስንከፍታት፥ ስንቱ «ይቆይ» እዚያ ደቀቀ!
ክራንች የያዘው ልጅ፥ የሒሳብ ባለሙያ፤
ነፍሰ ጡሯ ታይፒስት፤
ሁሉም በአንድ ማደሪያ።

ሂንዲያ ሮብሌ መጣች፤ በብየዳ አንደኛ፤
ፈተና አስገባናት፥ ለወጉ ያህል እኛ።
ሻሿን አንገቷ ላይ ቋጥራ መከለያውን ደፋች፤
ሁለቱን ቱቦ በእሳት እንደ ሹሩባ ጎነጎነች።
ፎርማኑ ጋሽ ኡመሬ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤
ስንጥቅ ፈልጎ ሲያጣ ዓይኑን ወደኛ መለሰ።

«ልታገቢ አስበሻል? ስትወልጂስ ማን ይሥራ?»
አላት አለቃዬ፥ ፈገግ ብሎ፥ ሳይፈራ።
«ወንዶቹንም ይሄን ጠየቃችሁ?» አለች።
ጥያቄዋ ጠረጴዛው ላይ እንደ ጋለ ብረት ተቀመጠች።
ማንም አልመለሰም።
ቬንትሌተሩ ብቻ ራሱን ግራ ቀኝ ወዘወዘ፤
እሱም የኛው ሠራተኛ ነው፤ «አይ» እንዲል የታዘዘ።

«አላለፈችም» ብዬ ጻፍኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ዛሬ የሚያንቀጠቅጠኝ ይኸው ነው፤ እርጅናው አይደለም።

ጡረታ ወጣሁ።
የሳቢያን ቤቴ በር ከማጠፊያው ተገነጠለ፤
ጎረቤቴ «ያቺ ሴት ትምጣልህ፤ የእሷ ሥራ አይነቀልም» አለ።
ሁለት ተለማማጅ አስከትላ መጣች፤ አንዱ ወንድ፥ አንዷ ሴት፤
ደጄ ላይ ተንበርክካ ስትበይድ፥ እኔ ቆምኩ፥ ዓይኔን ጨፍኜ ከብርሃኑ ፊት።

ደረሰኙ ላይ ፈረምኩ። አየችው። ዝም አለች።
«ፊርማዎ አልተለወጠም» ብላ
መነጽሯን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

ከዋጋው በላይ ዘረጋሁላት፥ ብዙ፥ እንደ ባለዕዳ፤
«ዋጋዬ ለሁሉም አንድ ነው» አለችኝ፤ «ለጎረቤትም፥ ለእንግዳ።»
ያን ቀን እኛ ያልሰጠናትን መልስ
እሷ ቆጥራ እጄ ላይ አኖረች፤
ሳታጎድል፥ እስከ ሳንቲሙ ድረስ።