ታንከር ያሉት ነገር

ነፋሱ ከምሥራቅ ነበረ ያን ዕለት፣ በሶሬል ሸለቆ፣
የጥዱ ፍሬ ይፈነዳል፣ ሰማዩ ቆሟል ጭስ ታጥቆ።
እኔ ሬዲዮ ላይ ነበርሁ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣
ቀዝቅዞ የተረሳ ሻይ፣ ሁለት እርሳስ ከፊቴ።

ዌንደል ሃስኪንስ ጠራኝ ከደቡቡ ጉብታ፤
የሚጮህ ሰው አልነበረም፣ ያወራል በዝግታ።
«ታንከር ላኩልኝ ባስቸኳይ፣ ሦስት ቤት አለ ከኋላዬ።»
ጻፍሁት፣ ቃል በቃል ጻፍሁት፣ አስተላለፍሁት ለበላዬ።

ለዌንደል ታንከር ቦቴ ነው፣ ስድስት ጎማ ያለው፣
ሆዱ ውኃ የሞላ፣ ዳገት የሚያስለው።
ለደን ጠባቂዎቹ ግን ታንከር በሰማይ ይሄዳል፤
ክንፍ አለው፤ ቀይ ዱቄት የበጠበጠ ውኃ ያወርዳል።

አውሮፕላኑ ተነሣ፤ ጭሱ ግን ሸለቆውን ሞልቶ፣
ዞረ፣ ዞረ፣ ተመለሰ፣ የሚጥልበትን አጥቶ።
ቦቴው ደግሞ፣ ይኸ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ፣
ከመስኮቴ ማዶ ቆሟል፣ ሾፌሩ «ልሂድ ወይ?» ብሎ ሲያየኝ።

ሰው አልሞተም። ይህን አስቀድሜ ልበል።
ሦስቱ ቤት ነደደ።
የሚስዝ ኦኩቦ ፒያኖ፣ እንጨቱ አልቆ፣
ሽቦው አመድ ላይ ቀረ፣ እንደ ጸጉር ተጠምዝዞ፣ ተጨማድዶ፣ ጠቁሮ።

በጥር፣ በትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ ተሰበሰብን፣
ለሕፃናት በተሠራ ወንበር ጉልበታችንን አጥፈን።
ሸሪፉ፣ የደኑ ሹም፣ የመብራቱ፣ የሆስፒታሉ፣
ጠረጴዛ እየመቱ «እኛማ ብለን ነበር» ይላሉ።
ለሸሪፉ «አሥር ሰባት» ምሳ ልበላ ነው ማለቱ፤
ያው ቁጥር ለአምቡላንሱ፣ አንድ ሰው መሞቱ።
የአንዱ ቱቦ አፍ ከሌላው ቱቦ አፍ አይገጥምም፤
የጥርሱ ልክ ለየቅል ነው፣ ውኃ ደግሞ በእልህ አያልፍም።
አንዱ የባቢሎንን ግንብ አነሣ። ሳቅን። አልጣመንም ሳቁ።

ከዋናው ከተማ የተላከች፣ ኢቱራልዴ የምትባል ሴት፣
ጠመኔ ይዛ ተነሣች፤ አላበዛችም ስብከት።
«ታንከር» ብላ ጻፈችና «ሣሉት» አለች «በየወረቀታችሁ፤
እንዳትኮራረጁ ደግሞ፤ ልጆች አይደላችሁ።»
ዌንደል ቦቴ ሣለ፤ ጎማው እንቁላል መሰለ።
የደኑ ሹም አውሮፕላን፤ የወተት ማኅበሩ ሰው ላም ሁሉ አከለ።
ሥዕሎቹን ግድግዳ ላይ ለጠፈቻቸው፣ ጎን ለጎን።
ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛ የመታ የለም።

የቀረው አሰልቺ ነው፤ ቅጽ ነው፣ ዓመታት ነው፣ ክርክር፣
ለምድሩ ቦቴ፣ ለሰማዩ ታንከር ለማለት መስማማት፣ በቁጥር ያለመናገር።
ሰደርያ ተሰፋ፤ ስም ሳይሆን ሥራው ተጻፈበት በጀርባው፤
መጀመሪያ የደረሰ አለቃ ነው፣ በቃሉ እስኪያስረክበው
ከኋላ ለመጣው። ከንቲባም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል።
(አንዱ ከንቲባ አልጠበቀም። እሱን ሌላ ቀን።)

አልዋሽም፤ ቅጹ ሁሉ ተሞልቶ፣ ፊርማው ሳይጎድል፣
የሰሜኑን ሸንተረር እሳት በልቶታል ያለ አንዳች ድል።
እሳት ሥርዓት አያነብም።
እኛ ግን ያን ሌሊት የት የት እንዳለን እናውቅ ነበር፤
ስንቆጠር አንድም አልጎደለም።

ባለፈው መስከረም፣ ሌሊት፣ በሩን የከፈተው
አይቼው የማላውቅ፣ ጥቀርሻ ቅንድቡ ላይ ያለው።
ከሞንታና ድረስ ነድቶ፣ ሁለት ቀን መንገድ ላይ አድሮ፣
«ኃላፊው ማነው?» አለ፣ አንገቱን ወደ ካርታው አሹሮ።
«አርሎ ታክስታድ እባላለሁ። አምስት ሰው፣ አንድ ቦቴ። ከየት ልጀምር?»

ከዚህ ሌላ አልተናገረም።
ጣቴን ደቡቡ ጉብታ ላይ አኖርሁ፤ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤
ሰደርያውን አጠለቀ፤ የሞተሩ ድምፅ ዳገቱን ይዞ ሰጠጠ።

ዌንደል ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው።
ሥዕሉ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ከእርሳሶቹ ሥር፣
ጫፉ የሻይ እድፍ ይዟል፤
ጎማው ዛሬም እንቁላል ነው።