ሁለተኛው ቁጥር

«የዘቢባ ልጅ» ይላል ፕላስተሩ ከእጁ ላይ፤
ስም ገና አልወጣለት፣ ሦስተኛው ነው ፀሐይ።
ከዴዶ ቁልቁለት፣ በዝናብ በጭቃ፣
ደረሰች አቅፋው፣ ሌሊቱን ተሳቃ።

አያለቅስም።
ጡት ሲሰጡት ዞሮ ሌላ ቦታ ያያል፤
ትኩሳት የለውም፣ እንዲያውም ይበርዳል፤
አራስ ልጅ ሲታመም እንዲህ ዝም ይላል።

ከተረከዙ ወርዳ አንዲት ጠብታ ደም፣
ለትንኝ እንኳ ራት ብትሆን አትበቃም፣
በቀጭን ቱቦ ወደ እኔ መጣች፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ጅማ ላይ መብራቱ ሲል ብልጭ ድርግም።

እኔ ሰው አላይም፤ መስኮቴ ጠባብ ነው፤
የታማሚን ፊት ሳይሆን ደሙን ነው የማውቀው።
ተህዋሱን በሳህን ዘርቼ ብጠብቅ
ሦስት ቀን ይፈጃል በቅሎ እስኪታወቅ።
ሦስት ቀን ለዚህ ልጅ ዕድሜው ነው በሙሉ!
ስለዚህ ጠላቱን ትቼ ጉበቱን ጠየቅኩት፤
ጉበት ባዕድ ሲገባ ይባንናል፣ ኡኡ ይላል፤
ኡኡታው ጆሮ አይደርስም፣ በደም ውስጥ ይሟሟል።
የእኔ ሥራ ያን ኡኡታ በቁጥር መጻፍ ነው።

ስድስት።
ስድስት ደኅና ቁጥር ነው። እናቲቱ ሰምታ
«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ከወንበር ተነሥታ።
እኔ ግን አውቃለሁ፦ ጉበት ቶሎ አይጮኽም፤
ሌባው ገብቶ ሳለ ውሻው ገና አልነቃም።
«ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ይደገም» ብዬ ጻፍኩ ከጎኑ።
ዶክተር ሌንሳም ቁጥሩን አይታ አላመነችም፤
የልጁን ዝምታ ነው ያመነችው።
መድኃኒቱን ጀመረች፣ እኔን ሳትጠብቅ።

ቀን ስምንት ሰዓት። ጄኔሬተሩ አስሎ አስሎ ተነሣ።
አርባ ስምንት።
ክፉ ቁጥር አይቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤
የዚያን ቀን ደስ አለኝ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤
ደም ቢዘገይ እንጂ ዋሽቶ አያስታርቅም።

በጠባቧ መስኮት ሻሽ ያሰረ ፊት መጣ፦
«ዺግኒ ማል ጄዼ?»
ደሙ ምን አለ? ነው የምትለኝ።
በአሥራ አንድ ዓመት ሥራ እንዲህ የጠየቀኝ የለም፤
ሁሉም «ውጤት ደርሷል?» ነው የሚለው።
ምን ልበላት?
«አርፍዶ ተናገረ» አልኳት፣
«ሐኪሟ ግን ቀድማው ሰምታለች።»

ከሁለት ቀን በኋላ ሠላሳ አንድ ሆነ።
አዌቱ ሞልቶ ሲጮኽ ይሁን ልጅ ሲያለቅስ፣
ከኮሪደሩ ወዲያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤
የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሣጥኑን ከፈትኩ፦ የቀረኝ የአንድ ልጅ ምርመራ ነው።
ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ቱቦ ቆሟል፣
ፕላስተሩ አዲስ፣ ጽሑፉ ገና እርጥብ፦
«የሙልኪያ መንታ፣ አንደኛ።»
«የሙልኪያ መንታ፣ ሁለተኛ።»