ለወንድሜ ነው

ከጥቁር አንበሳ በር ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሥር፣
ነጭ ጋዋን ለብሼ ሌሊት አለሁ፣ መድኃኒት ስቆጥር።
ሰው ይመጣል፤ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ፣
ከኋላው የቆመውን ሁሉ በትሕትና አሳልፎ፣
"ለወንድሜ ነው" ይላል።
እናቱ ያልወለደችውን ወንድም እዚህ መስኮት ላይ ይወልዳል።

እኔም አልጠይቅም።
"ማታ ማታ አንድ" እላለሁ፣ "ለወንድምህ ንገረው፤
ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሥ፣ ዛሬ ውጦ ዛሬ አይደለም የሚሽረው።"

ጋሽ ዘውገ ብቻ አይዋሽም። "ለኔ ነው!" ይላል ጮክ ብሎ፣
የባቡር ጡረተኛ፣ ባርኔጣውን በጣቱ አንጠልጥሎ።
"ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ፣ ልጄ፣ አልጋው ሰፋብኝ፣
አልጋው በሰፋ ቁጥር ደግሞ ቤቱ ጠበበኝ።"
ጎህ ሲቀድ ከለገሃር ይነሣል፣ እስከ አራት ኪሎ ይሄዳል፣
የመብራት ምሰሶ እየቆጠረ፤ ሲሳሳት ተመልሶ ይጀምራል።
"ስንት ሆኑ?" አልኩት አንድ ቀን።
"አላወቅኋቸውም" አለኝ ስቆ፣
"ካወቅኋቸውማ፣ ነገ ምን ልሠራ ነው?"

የውርርድ ቤቱ ልጅ የታዘዘለትን ግማሹን ብቻ ይገዛል።
"ቅዳሜ አርሰናል ካሸነፈ" ይላል፣ "ድባቴው ራሱ ይለቃል።"
አርሰናል አሸነፈ።
ሰኞ መጣ፤ ዐይኑን ከመሬት አላነሣም።
ቀሪውን ግማሽ ሰጠሁት። ስለ ጨዋታው አላነሣንም።

"በጸበል ልዋጠው?" አለችኝ አንዲት እናት፣
ሃይላንዷን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ።
"አባ አይሆንም አሉኝ፤ ሐኪሙም በአባ ተቆጣ።
እኔ በሁለቱ መሐል ስንት ሌሊት ልንቃ?"
ኮሌጅ ይህን አላስተማሩኝም።
"ውኃ ውኃ ነው፣ እማማ" አልኳት።
"ይሄማ ውኃ አይደለም!" ብላ ገላመጠችኝ፤
ገላምጣኝም ሳታበቃ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ፣
አማትባ ዋጠችው።

እኔን ደግሞ ጸዳለ ትመክረኛለች፦
"ፍልውኃ ግቢ፤ ላብሽ ሲወጣ ይቀልሻል።"
ገባሁ። ላቤ ወጣ። ሌላው ተቀመጠ።
ግን እንፋሎቱ ውስጥ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣
ላቤና እንባዬ አልተለዩም፤
ለዚያች ሰዓት በከፈልኩት አልጸጸትም።

እናቴ አንድ መድኃኒት ብቻ ነበራት፣
ለሐዘኑም፣ ለኪራዩም፣ ለአባቴ ማምሸትም የምታዝዘው፦
"ሆድ ይፍጀው።"
ወረቀት የማይፈልግ፣ ዋጋ የሌለው፣
ልኩን ደግሞ ማንም ያልለካው።
ሆዷ ፈጀው፣ ፈጀው፣
ፈጅቶ ፈጅቶ እሷኑ ፈጃት።
"ደም ግፊት ነበረባት" አልን ለለቀስተኛው፤
ለቀስተኛውም ራሱን ነቀነቀ፤ የሱም ቤት ያው ነው።

በእኛ መደርደሪያ ላይ "ሆድ ይፍጀው" የለም።
ቢጠይቁኝም አልሸጥም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቸርችል ባዶውን ሲተኛ፣
ውሻ እንኳ ዳገቱን ሲሰለች፣ ዘበኛው ሲያንኮራፋ፣
መሳቢያዬን እከፍታለሁ።
ያው ካርቶን። በራሴ እጅ፣ በራሴ እስክርቢቶ፦
"ለወንድሜ።"
አራት እኅቶች ነን እኛ። ወንድም የለንም።

ትናንት ሊነጋጋ ሲል ትርሲት መጣች፣ የባንኳ ተቀጣሪ፣
"ለእኅቴ ነው" የምትለዋ፣ ስድስት ወር ሙሉ።
መልሷን ስሰጣት እጄን ይዛ ቆየች።
"እኅትሽ እንዴት ናት?" አልኳት።
ዝም አለች። ከዚያ፣
"ትናንት" አለች፣ "ፀጉሯን ታጠበች።"
ለማያውቅ ምን ነው ፀጉር መታጠብ!
እኔ ግን ወንበሬን ስቤ ተነሣሁ፣
እልል ማለት አምሮኝ፣ መድኃኒት ቤት መሆኑ ከልክሎኝ።
"ያንቺስ ወንድም?" አለችኝ ቀስ ብላ፣
መሳቢያዬን ሳታይ፣ ዐይኔን ብቻ አይታ።

የመጀመሪያው ታክሲ ረዳት "ፒያሳ! ፒያሳ!" ማለት ጀመረ።
"ዛሬ" አልኳት፣
"ዛሬ ቁርስ ልብላ ብሏል።"