አሥራ ስድስት ግራም ዝገት

ደሴ ላይ ጉም እንግዳ አይደለም፤ ደጅ አያንኳኳም፤
ከጦሳ ወርዶ ይገባል፤ ሱቅ ቢሞላም አይረካም።
ያባቴን የምስር ጆንያ፣ የሽንብራውን ቁና
ዳብሶ ዳብሶ ሲያበቃ ሚዛኑ ላይ ይወጣና
ጨው እንዳገኘች ላም የኪሎውን ብረት ይልሳል፤
ዓመት ዓመትን ሲወልደው ብረቱ ቀይ ካባ ይለብሳል።

ኪሎው ያባቴ ነው፤ ካያቴ የወረሰው፤
ሰኞ ገበያ ሲቆም ስንት እጅ የዳሰሰው፤
ቀለበቱ የላላ፣ ጠርዙ የተፋቀ፣
«1» የሚለው ቁጥሩ ዝገት ሥር የተደበቀ።

መምህርት ዘምዘም ጠመኔውን ለሁለት ሰብራ ሰጠችኝ፤
«አራት ብረት፣ ሦስት ኦክስጅን፤ በይ አመጣጥኚ» አለችኝ።
ግራው ከቀኙ ካልገጠመ እኩልታ አይባል፤
አንዲት አቶም ብትቀር ሒሳቡ ይሰለባል።
«ዝገት ውሃም ይዟል» አለች፣ መስኮቱን ጉም ሲሞላው፤
«ለዛሬ እንተወው፤ ፈተና አይጠይቅም ስለ ውሃው።»

ብረት ሃምሳ ስድስት፣ ኦክስጅን አሥራ ስድስት፤
ሁለቱ ብረት፣ ሦስቱ አየር፣ ሲደመሩ ባንድ ቤት
መቶ ስድሳ። ይኸው ነው ያንድ ሞል ዝገት።
ደብተር ላይ እንዲህ ቀላል ነው።

ሐሙስ፣ አባቴ ለአስር ሶላት ሲወጣ
በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግሁት፣ ያያቴ ብረት እስኪነጣ።
ጋዜጣ ላይ የወረደውን ቀይ ዱቄት፣ እንደ በርበሬ፣
ዓርብ ላቦራቶሪ ወሰድኩት፣ በወረቀት ቋጥሬ።
አሥራ ስድስት ግራም! አንድ አሥረኛ ሞል! እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ሒሳብ እንዲህ ሞልቶ ሲመጣ ማን አይቶ ያልደነገጠ?

የብረቱ ድርሻ አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት።
ያየሩ ድርሻ አራት ነጥብ ስምንት።

ዝገት የበላው መስሎኝ ነበር ብረቱን፤
ለካ ሲያጎርሰው ኖሯል፣ ጨምሮለት ክብደቱን።
አየሩ፣ ማንም ሳይሾመው፣ ኪሎው ጫንቃ ላይ ተቀምጦ
ለገዥ ሁሉ ምስር ሲመርቅ ኖሯል፣ ካባቴ ዓይን አምልጦ።
እኔ ደግሞ ላነጻው ብዬ ፈግፍጌ ፈግፍጌ
ሌባ ልሰድ ነው ለሰኞ፣ የሚያብረቀርቅ አድርጌ፤
ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት፣ ነጥብ ስምንት፤ ስሙ ግን አሁንም «አንድ ኪሎ»።

እሑድ ማታ ነገርኩት። ደብተሬን ዘረጋሁለት፤
አራቱን፣ ሦስቱን፣ ሁለቱን፣ ቀስቱን አሳየሁት።
አባቴ ይመር ፊደልን መስጊድ ነው የቆጠረ፤
በጣቱ ቀስቱን ተከትሎ ጫፉ ላይ ቆሞ ቀረ።
«ይኼ ወዲህ አይመለስም?»
«ኮምቦልቻ ወርዶ እቶን ካልገባ፣ አይመለስም።»

ዝም አለ። «እስከ ዛሬ የከሰርከው…» ስለው፣
«እሱን ተይው» አለ፣ «የሄደ ምስር ነው።
ከሐሙስ ወዲህ ማን ገዛን?» በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤
«እማማ ሎሚ ሁለት፣ እነ ሙሄ ሦስት፣ ባለ ጋሪው አንድ…» ሌላ ሰው አልነበረ።
ስድስት ኪሎ። ስድሳ ሰባት ነጥብ ሁለት ግራም፣ አልኩት።
አባቴ ጆንያው ውስጥ ገብቶ አንድ እፍኝ ዘገነ፤ አየሁት።
«ስትሸጥላቸው መርቀህ የለም እንዴ? እፍኝ እፍኝ ሰጥተህ?»
«ምርቃት ሌላ፣ ዕዳ ሌላ። ትምህርት ቤት ይኼን አልነገሩሽም?»

ከዚያ ቀዩን ዱቄት አስመጣኝ። ሒሳቤን ከነገጹ ገንጥሎ
ጠቀለለው፤ በጆንያ ክር ከቀለበቱ አሰረው አንጠልጥሎ።
«አየሩም ወደ ቦታው ይመለስ።»

ሰኞ። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ የመጀመሪያዋ ገዥ ቆማለች።
ሚዛኑ ወጣ፣ ወረደ፣ ምላሱ መሀል ላይ ረጋች።
ልቤ ግን ሲቆጥር ነበር፤
የወረቀቱን ክብደት አላሰላሁትም ነበር።