ከነጥብ ሰሌዳው ጀርባ

በባልቲክ ባሕር ዳር፣ በክላይፔዳ ዳርቻ፣
ሰው ይጫወታል፤ እኔ እቆጥራለሁ ብቻ።
ሃያ ሁለት ዘመን፣ ጣቴ በአዝራር ላይ፣
ስንት አሰልጣኝ መጣ፣ ስንቱ ሲሄድ ሳይ፤
አንዱ ወንበር ሰብሮ፣ አንዱ በሩን ደርግሞ፣
አንዱ ሳይሰናበት፣ በዋንጫ ሕልም ታሞ።

መስከረም ላይ መጣ ቪድማንታስ የሚሉት፣
ከሒሳብ መምህርነት ነው አሉ ያመጡት፤
ካፖርቱ አሮጌ፣ ድምፁ የሹክሹክታ፣
ሊሰማው የሚሻ ጎንበስ ይላል ላፍታ።

የመጀመሪያ ሥራው ኔሪዩስን ማስቀመጥ!
ኔሪዩስን! የከተማውን ዓይን፣ የወደቡን ጌጥ፣
ፎቶው በዳቦ ቤት፣ በአውቶቡስ ላይ ያለ።
"ኳስ ስትይዝ" አለው፣ "አራት ሰው ጎደለ።"

ተሸነፍን።
በሰባት። በአሥራ ዘጠኝ። ደግሞ በሠላሳ።
ጣቴ የእንግዳውን ቁጥር እያነሳ፣
የኛው ደርቆ ቀርቶ እንደ በረዶ ዓሣ።
ከላይኛው ረድፍ መርከብ ጠጋኞቹ፣
ነጭ ሽንኩርት የጠጣ ጥቁር ዳቦ በእጃቸው፣
"ወደ ትምህርት ቤትህ!" አሉት በአንድ አፋቸው።
አልመለሰላቸው። መነጽሩን ወለወለ፣
በወረቀት ጀርባ አንድ ነገር ሣለ።

ታኅሣሥ። ማሞቂያው ተበላሸ። ደሞዝ ዘገየ።
ቴሬል ከአላባማ ሻንጣውን ዘጋና፣
በማግሥቱ አየሁት፣ ልምምድ ላይ ነው ገና።

መቼ እንደሆነ እንጃ፤ በጥር መጨረሻ፣
ኳስ መሬት ሳትነካ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣
ስድስት ጊዜ ዞራ አገኘች መድረሻ፤
ኔሪዩስ ያቀበለ፣ ያገባው ሌላ ልጅ።
አዳራሹ ዝም አለ። መረቡ ብቻውን
ሹክ ሲል ተሰማ፣ መስሎ አሰልጣኙን።

ከዚያ አሸነፍን ብዬ ልዋሽ? አልዋሽም።
አንዳንዱን አሸነፍን፤ ሁሉንም አይደለም።

የመጨረሻው ቀን፣ አንድ ነጥብ ጎድሎን፣
ሰዓቱ ሁለት ሰከንድ ብቻ ትቶልን፣
ኔሪዩስ ዘለለ፤ ጣቴም አብሮ ዘሎ
ከአዝራሩ በላይ ቀረ ተንጠልጥሎ፤
ኳሷ በቀለበቱ ጠርዝ ዞረች፣ ዞረች፣
ደጅ እንደ ጠና ሰው ቆይታ ወጣች።

ስምንተኛ ሆንን። ይኸው ነው ዘመኑ።
መርከብ ጠጋኞቹ ሊወጡ አልፈጠኑ፤
ዳቦውን አኑረው በባዶ እጅ ተነሡ፣
እስኪደክማቸው አጨበጨቡ፤ ቀና አላለም እሱ።
ካፖርቱን ደረበ፣ ወረቀቱን አጠፈ፣
"ጣትህን አየሁት" ሹክ ብሎኝ አለፈ።

ሃያ ሁለት ዘመን ስትገባ ቆጥሬ፣
ሳትገባ ነው የገባችኝ፣ ያቺ ኳስ፣ ዛሬ።