ምን ይቅር?

ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ጀርባ፣ የኪራይ ቤት፣
መብራት ሦስቴ ጠፍቶ የመጣበት ሌሊት፤
እኔና ዘምዘም ይመር፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ደብተር፣
ለማሽን አዲስ ቋንቋ ልንፈጥር፤
ከብረቱ ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገር፣
አስተርጓሚ የማይቀጥር።

ደብተሩ ሞላ። ያየነውን ሁሉ "ይግባ" እያልን፣
እንደ ሰኞ ገበያ ሸማች አግበስብሰን፣
አሁን ማውረጃው ጠፋን።
"የሚገባውን ተይው" አልኩ፤ "ምን ይቅር?"

"ጠራጊ ይኑረው?" አለች፣
"የተውነውን ሜሞሪ ከኋላችን እየዞረ የሚሰበስብ?"
ጠራጊማ ደግ ነው፤ ግን እንግዳ በር ላይ አቁሞ
"ቆይ፣ ቤቱን ልጥረግ" ይላል፤
ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ እንዲህ ቢል፣
መኪናው የት ይደርሳል?

ሰረዘችው።
በምትኩ "አደራ" ብላ ጻፈች፦
የተዋሰ ይመልስ፤ ያዋሰ እስኪመለስለት አይለውጥ፤
ባለቤቱ ሲሄድ ዕቃው አብሮት ይሂድ።
"ይህንንማ እናቴም ታውቀዋለች፣ ማሽን ሳትነካ።"

ውርስ ቀረ፤ የአያት ስሕተት ለልጅ ልጅ ይተርፋል።
ለማክሮ ተጣላን፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ። እሷ አሸነፈች።
ባዶም ቀረ፤
ሰው አለ ብለው ሲከፍቱት ገደል የሚሆን በር።

"እንግዲያ ላለ ነገር ምልክቱ 'አለ' ይሁን" ብዬ ጻፍኩት።
ዘምዘም ዝም ብላ አየችው።
"አላልተህ ካነበብከው ተናገረ፤
አጥብቀህ ካነበብከው ይኖራል፤
ፊደሉ አንድ ነው። ማሽን በምን ይለየዋል?"

አልመለስኩላትም።
ሐረጎ ላይ የአባቴ መኪና የተገለበጠ ዕለት፣ ማታ፣
አንድ ሹፌር ብጣሽ ወረቀት አመጣ፤
"ኑርዬ አለ" ይላል፤ ቀሪውን ዝናብ በልቶታል።
ምን እንዳለ የነገረን የለም።
እናቴ አጥብቃ አነበበችው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እስከ ዛሬ፣
አጥብቃ ነው የምታነበው።

"አብሽር" አለች ዘምዘም፣ ምንም ሳልነግራት።
"አለ"ን ሰርዛ "ተገኘ" ብላ ጻፈች።

ልክ ናት።
ማሽን እናት አይደለም።

ደብተሩ ላይ ሰባት መስመር ቀርቷል።
ውጭ፣ ጎህ ሊቀድ ሲል፣
ከደሴ የሚወርድ ከባድ መኪና
ማርሽ ሲቀንስ ይሰማል።