ለአቅመ ሔዋን

ስቮልቬር ወደብ ላይ፣ መጋቢት ማለዳ፣
ኮድ ዓሣ ዘረጋሁ በቀዝቃዛው ሰሌዳ።
ክንድ እንኳ አልሞላችም፤ ሆዷ ግን ሞልቷል፣
ዕንቁላሏ እንደ ጤፍ ጣቴ ላይ ፈሷል።
ከጆሮዋ መዝዤ የዕድሜዋን ጠጠር፣
በአጉሊ መነጽር ቀለበት ስቆጥር፣
አምስት ክረምት ብቻ።

ጉድቬግ ትታልኝ የሄደችው፣ የዓሣ ዘይት የጠጣ ደብተር፣
«ዘጠኝ ዓመት፤ ገና ጥሬ» ይል ነበር።

ማነው ያጣደፈሽ? አልኳት።
ዓይኗ ክፍት ነው።

መረብ ትልቅ ትልቁን እየለቀመ ሲሄድ፣
«ቆይ ልደግ» ያለችው ቀረች ሳትወልድ።
የተረፈን የችኩሎች ዘር ነው።

ርዝመት፣ ክብደት፣ ዕድሜ፤ ቅጹን ሞላሁና፣
«ምክንያት» የሚል ዓምድ ከወዴት ይምጣና!
ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣
«መረብ» ብዬ ጫርኩ።